በለቅሶ ሰሞን የተነሰነሰው ማዳበሪያ

ከሀና ማርያም ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ ጎመንና ቆስጣ የሚያመርቱ ባልና ሚስት ነበሩ። ከለቡ መብራት ኃይል እየወረድኩ አትክልት የምገዛው ከእነሱ ነበር። ማሳቸው ውስጥ ኬሚካል አይገባም፤ የበግ ፍግ፣ አመድና የበሰበሰ ቅጠል ብቻ። ባልየው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ማዳበሪያ የነካ አካፋ እንኳ አይዋሱም ነበር።

ያለ ኬሚካል ለሚያመርቱ የከተማ ገበሬዎች መንግሥት የውሃ መሳቢያ ሞተር በድጋፍ እንደሚሰጥ ሲነገር ተመዘገቡ። ባለሙያ መጥቶ አፈሩን ያያል፤ ኬሚካል ከተገኘበት ድጋፉ ይቀራል። ባልየው ያንን ቀን ሳያዩ ሞቱ። ከወንዙ ውሃ በባልዲ የሚያወጡት እሳቸው ስለነበሩ፣ ሞተሩ ካልመጣ ሚስትየው ብቻቸውን ማሳውን ማቆየት እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሚስትየው ለቅሶ ላይ ሳሉ የወንዙ ዳር ገበሬዎች እንደ ልማዳቸው ተጠራርተው ማሳውን በደቦ ያዙላቸው። አረሙ፣ ኮተኮቱ፣ አጠጡ።

ባለሙያዋ በመጣችበት ቀን ስለ ድጋፉ ዘገባ ልሠራ እዚያው ነበርኩ። ከጎመኑ ሥር አፈሩን በጣቷ ቧጠጥ አደረገችው። ያልሟሙ ነጫጭ እንክብሎች ወጡ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዩሪያ ነው።»

«አይደለም ልጄ። እኛ ማዳበሪያ አንጨምርም።»

«እስቲ ይዩት።»

አዩት። ከዚያ ቀና ብለው የቆሙትን ጎረቤቶቻቸውን ተራ በተራ ተመለከቱ። ከማሳቸው አጠገብ የሚያርሰው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ከሐዘን ሲነሱ አምሮ ይጠብቅዎት ብዬ ከራሴ ቀንሼ ነሰነስኩበት።»

«ባለሙያ እንደሚመጣ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ጎመኑ ከሞተ በኋላ ቢመጣ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

«እሱ ቢኖር በአካፋ ነበር የሚያባርርህ» አሉት።

ሰውየው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እውነትዎን ነው» አለ።

ማን እንደጨመረው ግምት ውስጥ ይገባ እንደሆነ ባለሙያዋን ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀች። «የማየው አፈሩን ነው። ለሐዘንተኛ ተብሎ የተደረገውን ለይቼ የምጽፍበት ቦታ የለኝም» አለችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

ሞተሩ ቀረ። ጎመኑ በዚያ ሰሞን እጅግ አማረ። ሴትየዋ ግን ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ዩሪያ ነክቶታል፤ ካልፈለጋችሁ አትውሰዱ» ይሉ ነበር። አንዳንዱ ይገዛል፣ አንዳንዱ ይመለሳል። ጎረቤትየው ጠዋት ጠዋት ለእሳቸውም ለራሱም ማሳ ውሃ ማመላለስ ጀመረ። የራሱ ሰላጣ ሲጠወልግ አይተው ከለከሉት።

«ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ልንቀር ነው። ተው በቃ።»

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደምትኖረው ልጃቸው ለመሄድ በተነሱ ዕለት መሬቱን ለእሱ አስረከቡት። እንዲህም አሉት፦

«እንግዲህ እንደፈለግህ አድርገው። አሁን ቢጨመርበትም የሚከፋው የለም።»

ባለፈው ሳምንት በዚያ አለፍኩ። የእሳቸው መደብ ላይ ያለው ጎመን አነስ ያለ ነው፤ ጠርዙም ቢጫ ብሏል። ሰውየው ፍግ በእጁ እየበተነ ነበር።