ዘጠኝ ሸሚዝና አንድ ጋዎን

በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም እትዬ መርፌ ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ፣ ሕሙማኑ የቀደዱትንና የተቀደደባቸውን ስትሰፋ ኖራለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እጁን ሰንዝሮ የሚማታ ሰው ልብሱ የሚተረተረው ብብቱ ስር ነው። ከኋላ የተያዘ ሰው ግን የላይኛው ቁልፍ ይበጠስበትና ኮሌታው ማጅራቱ ላይ ይገነጠላል። ይህን ያስተማራት የሙያ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ሟች ባሏ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲደበድባት፣ ጠዋት ጠዋት የገዛ ቀሚሶቿን እየሰፋች ተማረች። የሞተ ቀን እንባ አልወጣትም። ደግ አደረገች።

ትቶላት የሄደው አንድ ልጅ ነው፤ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ እጁ እንደ አባቱ ሰፊ። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት አንጀቷ አልችል ብሎ፣ ዳይሬክተሩ እግር ላይ ወድቃ በአስታማሚነት አስቀጠረችው። ሰማያዊ ጋዎኑን የሰፋችለት ራሷ ናት፤ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ብብቱን በድርብ ክር አጠበቀችለት። የሥራ ባልደረቦቹ ጉልቤ ይሉታል። ይሳደቡ ያሞግሱ አይታወቅም፤ እሱ ግን እንደ ሙገሳ ወስዶታል።

ከሕሙማኑ መሐል የምትሳሳለት የአልጋ ዐሥራ ሁለቱ መምህር ነበር። ሳይታመም በፊት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ጋ እየመጣ ዐሥር መርፌ ላይ ክር ያስገባላታል። ለሕመምተኛ መርፌ መንካት ክልክል ነው፤ እሷ ግን ዐሥር ሰጥታ ዐሥር ትቀበላለች፣ አንድም ቀን ጎድሎባት አያውቅም።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ መጡ። አራት ናቸው፤ የደም ሐኪም፣ የአንጎል ሐኪም፣ ከቤተሰብ ጋር እየተቀመጠ የሚያወራ የማኅበራዊ ጥናት ሰው፣ ሁሉንም ወደ ቁጥር የምትለውጥ አንዲት ወጣት። ሕመምተኛ ለምን እንደሚማታ ዕውቀታችንን አቀናጅተን እንመረምራለን አሉ። እውነቱን ለመናገር አብረው ሲያደርጉ የታዩት ነገር ምሳ መብላትን ብቻ ነው። የደሙ ሐኪም የአንጎሉን ሐኪም ሽቦዎች ያጣጥላል፤ የአንጎሉ ሐኪም በማኅበራዊ ጥናቱ ሰው ላይ ወሬ ለቃሚ እያለ ይስቃል፤ አንዱ ለሌላው ወረቀቱን አያሳይም። አንድ የጋራ ነገር ግን ነበራቸው። አራቱም የሚነሱት አስታማሚዎቹ ከሚሞሉት ቅጽ ነው። ቅጹ «ሕመምተኛው ተነስቶ መታኝ» ካለ አለ ነው፤ ደም የሚቀዳው፣ ሽቦ የሚለጠፈው፣ ቤተሰብ የሚጠየቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ማን ቀድሞ እጁን አነሳ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ቅጹ ደግሞ መምህሩ በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተማታ ይላል። ዘጠኙንም የሞላው ጉልቤ ነው። በዚህ የተነሳ መምህሩ ዓርብ ወደ ዝጉ ሕንፃ እንዲዛወር ተወሰነ። ዝጉ ሕንፃ ማለት እጅና እግር ከአልጋ ጋር የሚታሰርበት፣ መስኮት የሌለው ቤት ነው። እትዬ መርፌ ብዙ ሰው በእግሩ ሲገባ አይታለች፤ በእግሩ ሲወጣ ያየችው የለም።

ረቡዕ ጠዋት መምህሩ ፊቱ አባብጦ፣ ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሮ መስኮቷ ጋ ቆመ። መርፌውን በግራ እጁ አነሳ፣ ጣለው፣ እንደገና አነሳ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አላት። «ዛሬ ያለኝ አንድ እጅ ነው።»

እሱ እንደሄደ ከመደርደሪያው የአልጋ ዐሥራ ሁለትን ሸሚዞች አወረደች። ዘጠኝ ናቸው። ጠጋኙ እሷ ናትና እያንዳንዱ ስፌት የት ላይ እንዳረፈ በጣቷ እየዳበሰች አየች። ዘጠኙም ማጅራት ላይ። ብብት ስር አንድም የለም። እየሰፋች እንዴት አላስተዋለችም? አስተውላለች። ማወቅ ስላልፈለገች ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ልጇን አስጠራችው።

«ቀድሞ የሚማታው ማን ነው?»

«ምን አገባሽ እማ? ልብስሽን ስፊ።»

«ዘጠኙም ከማጅራቱ ነው የተቀደደው። ከኋላው ሄደህ ነው የምትይዘው። ክንዱንም የሰበርከው አንተ ነህ።»

«ካልፈሩኝ ይበሉኛል! እዚያ ውስጥ አንቺ ውለሽ አታውቂ! ደግሞ ለእሱ ነው እንዲህ የምትንሰፈሰፊው? ለኔ አንድ ቀን እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

«ነገ ለተመራማሪዎቹ እነግራቸዋለሁ።»

ሸሚዞቹን ልትሰበስብ ዘወር ስትል ከኋላዋ ቀሚሷን ጨምድዶ ያዛት። የአንገቷ ቁልፍ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ግንባሯን ከመኪናው ብረት ጋር አጋጨው፤ ደገመው። ስትወድቅ ጎኗን ረገጣት፣ ስትጮህ አፏን ረገጣት። ጥርሷ ከቁልፏ አጠገብ ወደቀ። ያንን እጅ አውቃዋለች፤ ከባሏ ጋር ከተቀበረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልጁ የገዛ እጁን ለአፍታ አየና በሩን ከፍቶ ወጣ።

አጣቢዎቹ በደም ተለውሳ አገኟት። ግንባሯ አምስት ቦታ ተሰፋ። እሷ እስክትሰፋ ድረስ ጉልቤ ቅጹን ሞልቶ ጨርሷል፤ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አልጋ ዐሥራ ሁለት ስፌት ክፍል ገብቶ ሠራተኛዋን ደበደበ።» ዓርብን መጠበቅ ቀረ፤ ሐሙስ ጠዋት ይዛወር ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ተመራማሪዎቹ ሲሰበሰቡ ለምስክርነት ጠሯት። ያንኑ የትናንቱን ቀሚስ ለብሳ፣ ሻርፕ ከአንገቷ ጠምጥማ፣ ሸሚዞቹን በከረጢት ይዛ ገባች። አንድ ዓይኗ ተደፍኗል። ጉልቤ መምህሩን ሊወስድ ተረኛ ስለነበር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሩ ላይ ቆሟል። ወጣቷ ቅጹን አነበበች።

የአንጎሉ ሐኪም ቀና አለ። «ስንት ሰዓት ነው ያልሽው?»

«ስምንት።»

«አይሆንም። ትናንት ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ እኔ ዘንድ ተኝቶ ነበር፤ ራሱ ላይ ሃያ ሽቦ ተለጥፎ። ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ ታትሟል።»

ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እትዬ መርፌም ሸሚዞቹን ጎን ለጎን ዘረጋችና የቱ ቅዳጅ የሚማታ ሰው፣ የቱ ከኋላ የተያዘ ሰው እንደሆነ ነገረቻቸው። በተሰበረ ጥርስ ስለምትናገር ጆሯቸውን አቁመው ሰሟት። ሲስማሙ አይቷቸው የማያውቅ ሁሉ ያን ቀን ቢያይ ጥሩ ነበር። የደሙ ሐኪም ፊቱን በእጁ ጠረገ።

«ደሙ ውስጥ ያየሁት የደነገጠ ሰውነት ነው» አለ። «ቅጹ ተማታ ስለሚል ቁጣ ብዬ ጻፍኩት።»

«እህቱ እጁን በሰው ላይ አንስቶ አያውቅም ብላኛለች» አለ የማኅበራዊ ጥናቱ ሰው። «ቤተሰብ ገመናውን ይሸፍናል ብዬ ተውኩት።»

ወጣቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ እርስዎን ማን መታዎት፣ እትዬ?»

እትዬ መርፌ ወደ በሩ አላየችም። መምህሩ ሊታሰር ነው፤ ካልታሰረ ደግሞ የሚታሰረው አንድ ልጇ ነው።

«ልጄ ነው» አለች። «የመምህሩንም ክንድ የሰበረው ልጄ ነው።»

ጉልቤ ከበሩ ተወርውሮ አንድ ወንበር ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ቡጢውን ከላይ ሲያወርደው ሁለቱ ባልደረቦቹ ከወገቡ ጎተቱት፤ አንዱን አፍንጫውን ብሎ ደም በደም አደረገው። በዚህ መሐል የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ተሰማ። ድርብ ክሩ አልቻለም ነበር። ጋዎኑን ገፈው በሸሚዝ ብቻ እየጎተቱ አወጡት፤ «እማ! እማ!» እያለ የሚጮኸው ከኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይሰማ ነበር።

ወጣቷ ጋዎኑን ከወለሉ አንስታ ለእትዬ መርፌ ሰጠቻት። በደህናው ዓይኗ ጠጋ ብላ አየችው።

«ብብቱ ስር ነው» አለች። «ከሸሚዞቹ ጋር አስቀምጪው፣ የኔ ልጅ። እሱን አልሰፋውም።»

ከዚያ ተነስታ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች።

«ውጭ ብርድ ነው። በሸሚዝ ነው የወሰዱት፤ ይሄን አድርሱልኝ» አለች።

ሻርፑ ሲወርድ የቀሚሷ ኮሌታ ማጅራቷ ላይ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።