የመሃለኛው ቀፎ አውራ

የያዙኝ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ከእትዬ ግቢ ወጥቼ ወደ ቸርችል ጎዳና ስታጠፍ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ሆነው አብረውኝ መራመድ ጀመሩ። አንደኛው በትሕትና ስሜን ጠርቶ «ለአጭር ጥያቄ ፈልገንሽ ነበር» አለኝ። አጭር የተባለው ጥያቄ ወራት ፈጀ።

የእስር ክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የመጣብኝ የበረኪና ሽታ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የብዙ ሰው ትንፋሽ። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ከፍ ብላ ከተቀመጠችው ጠባብ መስኮት «አምስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» የሚሉ የታክሲ ረዳቶች ድምፅ ይገባል። በየቀኑ የምሳፈርበት ታክሲ ነው። ለቤቴ ይህን ያህል ቀርቤ ይህን ያህል መራቄ ለማመን አስቸገረኝ።

ካቦ የሚሏት የክፍሉ አለቃ እሷም እስረኛ ነበረች። ቦታ ልታሳየኝ ስትጠጋ ቆም ብላ አሸተተችኝ።

«ጭስ ጭስ ትሸቻለሽ። ከየት ነው የያዙሽ?»

«ከንብ።»

«ከምን?»

«ንብ ስናይ አርፍደን ስወጣ ነው።»

ትንሽ አየችኝና «በንብ የታሰረ ሰው ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በእርግጥ የታሰርኩት በንብ አልነበረም፤ በስልኬ ጽፌ በለጠፍኩት ነገር ነው። መርማሪው ግን ከጽሑፉ ይልቅ የቅዳሜው ነገር ከነከነው። በየሳምንቱ አንድ ግቢ የምንሰበሰበው ለምንድን ነው? የሚሰበስበን ማን ነው?

እትዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሰፈራችን ሴት ናቸው። ፒያሳ ውስጥ፣ የእንጨት በረንዳ ካለው አሮጌ ቤታቸው ጀርባ፣ ግራዋ የበቀለበት ጓሮ ነበራቸው። ጎረቤታሞች ተሰባስበን በየግላችን ቀፎ ያስቀመጥነው እዚያ ነው፤ መሃለኛው የእኔ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ከአሮጌ አጎበር የፊት መከለያ ሰፋልን። ኩበት እያጨስን፣ እየተነደፍንና እየተሳሳቅን አንድ አሰልጣኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አስተማረን። የመጀመሪያውን ትምህርት ዛሬም አልረሳውም። አሰልጣኙ «ንግሥቲቱ» ሲል እትዬ አቋረጡት።

«አውራውን ማለትህ ነው?»

«አዎ እትዬ። ግን ሴት ናት። የቀፎው ሁሉ እናት እሷ ናት።»

እትዬም «ይህን ሁሉ ዘመን ወንድ ስንላት ዝም አለች?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አውራዋ» ይሏት ጀመር፤ እኛም ተከተልናቸው።

ይህን ሁሉ ለመርማሪው ነገርኩት፤ የሰዎቹን ስም ብቻ አልሰጠሁትም።

«ሰው ለንብ ብሎ በየሳምንቱ አይሰበሰብም» አለኝ። «ስማቸውን ንገሪኝና ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

«ስለ ንቦቹ የፈለጉትን ይጠይቁኝ። ስለ ሰዎቹ ግን የምለው የለኝም።»

በልቤ የምጸልየው ጎረቤቶቼ ሊጠይቁኝ እንዳይመጡ ነበር። ከእህቴ በቀር ማንም ባይጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሁድ ስሜ ተጠራ። ወደ ጠያቂዎቹ ስወጣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምግብ በፔስታል ይዘው የቆሙት እትዬ ናቸው። መታወቂያ ሳያስመዘግብ የሚገባ ጠያቂ የለም። ስንት ጊዜ ተጠይቄ ያልተናገርኩትን ስም እሳቸው በር ላይ ራሳቸው አስመዝግበው ገብተዋል።

በመካከላችን ሁለት ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዶቹ መሃል ፖሊስ ይመላለሳል። ጠያቂውም ተጠያቂውም ይጮኻል።

«እትዬ፣ ለምን መጡ? ባይመጡ ይሻል ነበር።»

«እሱን ተይው። እኔ ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት። መሃለኛው ቀፎሽ አውራዋ ደክማለች። እንቁላል የምትጥለው እዚህም እዚያም ሆኗል። ንቦቹ ሌላ ሊያነግሡ ቤት ሠርተዋል።»

ፖሊሱ መለስ አለ። «እማማ፣ ፖለቲካ ማውራት አይቻልም።»

«የምን ፖለቲካ አመጣህ ልጄ? ስለ ንብ ነው።»

«አውራ፣ ማንገሥ ምናምን ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱም ይቅር።»

«እሺ» አሉ። ፖሊሱ እስኪርቅ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩና ቀጠሉ።

«ልብስ ሰፊው አዲሱ ቤት ይቆረጥ ይላል። ንቡ ተከፍሎ ወጥቶ ታክሲ ተራው ላይ ቢሰፍር ሰው ይነደፋል፣ ቀፎውን ሁሉ አንሡ ይሉናል ብሎ ፈርቷል። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ግን ቀፎው ያንቺ ነው። አንቺ ሳትወስኚ ማንም አይነካውም።»

መጸዳጃ ቤት የምንወጣበትን ሰዓት፣ ፀሐይ የምንሞቅበትን ደቂቃ፣ መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ ሁሉ የሚወስንልን ሌላ ሰው ነበር። መርማሪው የሚጠይቀኝም መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነው። እትዬ ግን መልሴን ሳያውቁ ጠየቁኝ። ያን ሁሉ ፍተሻ አልፈው፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የመጡት እኔ የምለውን ሰምተው ሊሄዱ ነው።

አሰልጣኙ ያስተማረን ትዝ አለኝ። ንቦች አዲስ ንግሥት ሲያሳድጉ የለውዝ ቅርፊት የሚመስል ቤት ይሠሩላታል። ቤቱ በዝቶ ከማሩ ሰፈፍ ግርጌ ከተንጠለጠለ ንቡ ተከፍሎ ሊወጣ ነው፤ ያኔ ይቆረጣል። ጥቂት ሆኖ ከመሃል ከተሠራ ግን የደከመች እናታቸውን ሊተኩ ነውና አይነካም።

«ቤቱን የት ነው የሠሩት? ከግርጌ ነው ከመሃል?»

ፊሽካ ተነፋ። ሰዓት አልቋል። ጠያቂዎቹን ወደ በሩ ይገፉ ጀመር።

«ከመሃል!» አሉ እትዬ ወደ ኋላ እየሄዱ። «ጥቂት ነው!»

«ግቢ፣ በቃ» አለኝ ፖሊሱ።

አልገባሁም። ገመዱን ይዤ ቆምኩ። በተፈጥሮዬ ድምፄ ቀጭን ነው፤ ያን ቀን ግን ግቢው ሁሉ ሰማኝ።

«አትቁረጡ! ለራሳቸው ተዉላቸው!»

እትዬ እጃቸውን አንሥተው መስማታቸውን አሳዩኝና ወጡ። በዚያ ጩኸት ጠያቂ ተከለከልኩ። በማግስቱ መርማሪው ምኑ እንደማይቆረጥ ጠየቀኝ። ከእንቁላሉ ጀምሬ ነገርኩት። ሲጽፍ ቆየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሌሎቹስ እነማን ናቸው?»

«የምለው የለኝም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ቅዳሜው አልጠየቀኝም።

ክፍል ውስጥ ግን ራሴን የምጠይቀው እኔው ሆንኩ። ንቡ ቢወጣስ? በእኔ ቃል የተነሣ እትዬ ቀፎውን ሁሉ አንሡ ቢባሉስ? ጠያቂ በተከለከልኩበት ጊዜ ሁሉ ሴቶቹ ስለ ቀፎው ያነሡ ነበር። ጠዋት ስንነሣ ካቦዋ «አዲሷ እስካሁን ወጥታለች አይደል?» ትለኛለች። ሁላችንም በየራሳችን ጉዳይ የምንጠብቀው ፍርድ ቤት ነበረን፤ ያ ቀፎ ግን የጋራችን ሆነ። እንዲህ ባለ ቦታ የኖርኩት ነገር ይናፍቀኛል ብዬ አላስብም ነበር።

ጠያቂ ሲፈቀድልኝ መጀመሪያ የመጡት እትዬ ናቸው።

«አዲሷ ወጥታለች» አሉኝ ከገመዱ ማዶ። «ንቡም የትም አልሄደ። አሮጊቷንም አልገደሏት። ከልጇ ጋር ባንድ ሰፈፍ ላይ አየኋቸው።»

ወደ ክፍል ተመልሼ ስነግራቸው ሴቶቹ ድምፅ እንዳይሰማ በጣታቸው ጫፍ አጨበጨቡ። ካቦዋ ተነሥታ ሳመችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ፣ አራስ ልትጠይቅ እንደገባች ሴት።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ። ቅዳሜ እትዬ ግቢ ስደርስ ማንም ምን አደረጉሽ አላለኝም። ልብስ ሰፊው ማጨሻውን ሰጠኝና ቦታ ለቀቀልኝ። የቀፎውን አፍ እስካጨስ ድረስ ክዳኑን ሳይከፍቱ ጠበቁኝ።

አሁን ያ ግቢ የለም። ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። ከመፍረሱ በፊት ቀፎዎቹን አፋቸውን ደፍነን በአይሱዙ ወደ እንጦጦ ግርጌ አወጣናቸው። እትዬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ ነው። ጉልበታቸው ደረጃውን እንቢ ስላላቸው ከቤት ብዙ አይወጡም። ዕቃቸው ሲጫን ቆመው ሲያዩ አይቻቸዋለሁ፤ ያን ቀን «ይህ የት ይሁን?» ብሎ እንኳ የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቀፎዎቹን ከፍቼ ካየሁ በኋላ ስልክ እደውልላቸዋለሁ።

«እትዬ፣ አንዱ ቀፎ ጠቦታል። ከላዩ ደርብ ልጨምርለት ወይስ ይቆይ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ማወቄንም ያውቃሉ። ቢሆንም ወንበር ሲስቡና ሲቀመጡ በስልኩ ይሰማኛል።

«ቆይ» ይሉኛል። «መጀመሪያ ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ።»