አያ ሞላን በጎን የሣልሁ ጊዜ

ልጆቹ «ንገሩን» እያሉ ከያዙኝ ሰነባብቷል። ነገሩን የጀመረችው የልጅ ልጄ ህሊና ናት። ከዓረብ አገር ተመልሳ እዚሁ ደብረ ታቦር ፀጉር ቤት ከከፈተች ወዲህ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቋን ለረዳቷ ትታ የሥዕል ሥልጠና ትሄዳለች። በቀደም አንድ ካርቶን የፓስቴል ቀለም ይዛ መጣች፤ የድመታችንን መልክ ስትሞካክር ቆይታ፣ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ብናኝ በመዳፏ ልትጠርገው ስትል አየኋት።

«ተይ! በመዳፍሽ አይደለም። ወረቀቱን አቁመሽ ከጀርባው መታ መታ አድርጊው፤ ብናኙ ራሱ ይወርዳል» አልኋት።

ህሊና ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ይሄን ከየት ያውቁታል?»

ታናሽ እኅቷ «እማማ ሠዓሊ ነበሩ እንዳትሉን ብቻ» ብላ ሳቀች።

ስትስቅብኝ ደስ ይለኛል። በቃል ልነግራቸው ብዬ ጀምሬም ነበር፤ እኔ ግን ወሬዬ ይዞርብኛል፣ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ሳወራ ዋናው ሳይደርስ እነሱ ስልካቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ ጻፍሁት። ትምህርት ቤት ደጁን ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ይንጋደዳል እንጂ ይነበባል።

ልጃገረድ ሳለሁ ደብረ ታቦር አክስቴ ይርገዱ ዘንድ እኖር ነበር። እናቴ ከጉና ሥር ካለው አገራችን ወደሷ የሰደደችኝ፣ አክስቴ ልጅ ስላልነበራት ነው። አክስቴ በስፌቷ የታወቀች ሴት ናት፤ የሞሰብና የሰፌድ መስፊያውን አክርማ ቀለም መንከር ደግሞ የኔ ሥራ ነበር። ቀዩ እንዳይገረጣ፣ አረንጓዴው እንዳይጠቁር፣ ከፈላው ውኃ መቼ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። እጄ አንድ ሰሞን ቀይ፣ አንድ ሰሞን ወይን ጠጅ ነው። ጎረቤቶች «ዛሬ ምን ቀለም ነሽ?» እያሉ ነበር ሰላም የሚሉኝ።

ለቢራራ የታጨሁትም ያን ዓመት ነው። ቢራራ ገሳይ የሚባል አገር ልጅ ነበር፤ ሰርጉም ጥምቀት ሲያልፍ እንዲሆን ተቆርጧል። የዚያን ጊዜ ልጃገረድ እጮኛዋን ወደደችው አልወደደችው ብሎ የሚጠይቃት የለም። እኔ ግን ቅዳሜ ገበያ አይቼዋለሁ። የድንች ጆንያ ከመኪና ሲያወርድ አንዲት አሮጊት ቋጠሮዋ ተፈቶ ምስሯ ጭቃው ላይ ፈሰሰባት፤ እሱ ጆንያውን አስቀምጦ አብሯት ተንበርክኮ ምስር ለቀመ። ምስር! ያን የመሰለ ደቃቃ ነገር! «በቃ፣ እሱ ነው» አልሁ በሆዴ። ለማንም አልተነፈስሁም፤ አክስቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ደጋግሜ ስሠራ እያየች ትስቅ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከአዲስ አበባ አንድ የሥዕል አስተማሪ መጣ፤ ጋሽ ሰሎሞን ይባላል። ብርድ የሚፈራ ቀጭን ሰው ነው፤ በደብረ ታቦር ሐምሌ ካፖርቱን ሲያወልቅ ያየው የለም። በቀበሌው አዳራሽ ለወጣቱ ሥዕል ያስተምራል ሲባል ሰምቼ ሄድሁ።

«ፊደል አላውቅም፤ ልግባ?» አልሁት።

«እጅ አለሽ?»

አሳየሁት። ያን ሰሞን ቀይ ነበር። «አንቺማ ቀድመሽ ጀምረሻል» ብሎ ሳቀና አስገባኝ።

መጀመሪያ በከሰል መስመር አሰመረን። ቀጥሎ ድንች አሳለን፤ ድንች ብቻ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ድንቹን ሥለን ስንጨርስ ቀቅለን በአዋዜ እንበላው ነበር። ከዚያ ነው ፓስቴሉ የወጣው። ጠመኔ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ዱቄት የለበሰ ቅቤ ነው። አስተኝተው ሲያሹት ሰማይ ይሆናል፣ በጫፉ ሲነኩት ሣር። አክርማ ላይ ቀለም አንዴ ከገባ ገባ ነው፤ ይሄ ግን በጣት ሲያባብሉት ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ይታረቃል። ማታ ስተኛ ጣቴ ላይ የቀረውን እያየሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

የሰው መልክ ስንጀምር በጎን ጀመርን፤ ለጀማሪ እሱ ይቀላል። ከግንባር ተነስቶ፣ በአፍንጫ ወጥቶ፣ በከንፈር ወርዶ አገጭ ላይ የሚያርፍ አንድ መስመር ነው። «መስመሩን ከያዛችሁ ሰውየውን ያዛችሁት» ይለን ነበር ጋሽ ሰሎሞን።

አንድ ቅዳሜ የቢራራ አባት፣ አያ ሞላ፣ ገበያ ውለው ዝናብ ያዛቸውና አክስቴ ደጅ ካለው መደብ ላይ አረፉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰው ሲያናግሩ አንገታቸውን በኩራት ጠምዘዝ የሚያደርጉ፤ ሁለት ጎረቤት በማሳ ወሰን ሲጣላ ቆመው ድንበሩን የሚለዩት እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አስደግፈው ጎርፉን ያያሉ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ቡናማ ወረቀት አወጣሁ። ነጩ ጋቢ ቡናማው ላይ ሲያርፍ እኔው ደነገጥሁ። መስመሩ ተያዘ፤ ሰውየውም ተያዙ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሥዕሎቹ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ገበያተኛው እየገባ አየ። «እንዴ፣ አያ ሞላ! ዱላቸው ሳይቀር!» ሲሉ ደረቴ ተነፋ። መነፋቱ ግን አልቆየም። አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ጠጋ ብላ አየችና «ምነው በአንድ ዓይን? ሰውየው ምን በደሉ?» አለች።

ያኔ ነው ሁሉም ያየው። በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃኑ ፊት ለፊት ነው የሚሳሉት፣ ሁለት ዓይናቸው ወለል ብሎ። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ክፉዎቹ ናቸው፤ ሰይጣኑ፣ ገራፊው፣ ከፈረስ ኮቴ ሥር የወደቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ያደግሁት ነው። ብቻ ፓስቴሉን ስይዝ ያ ግድግዳ ትዝ አላለኝም።

«ምራት ሳትሆን አማቷን ከነሔሮድስ ጋር አቆመቻቸው!» አለ አንዱ ጎረምሳ፤ አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አያ ሞላ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ቀርበው ሥዕሉን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። አክስቴ ተከትላ «ኧረ አያ ሞላ፣ እህል ሳይቀምሱ?» ብትል ዞርም አላሉ። በኛ ቤት እህል አልቀምስም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ከሰው ሁሉ አማትሽን!» አለችኝ አክስቴ። «ድንቹ ምን አለሽ? ድንች አይቆጣ፣ አይቀየም!»

ጋሽ ሰሎሞን ነገሩ አልገባውም። ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ግድግዳውን አሳየሁት። ከፈረሱ ሥር ያሉትን እየተዘዋወረ አየና ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ «ይሄን ማየት የነበረብኝ በመጣሁ ዕለት ነው» አለ። መልካም ሰው ነበር። ሲሄድ የተረፈውን ቀለም በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ሰጠኝ።

ወዲያው የቢራራ አጎት መጣ። «ሰርጉ ይቆየን ብለዋል» አለ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገረም። አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ ደመራው ሲለኮስ፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ የማየው ምስር የሚለቅም እጅ ብቻ ነበር። እህሉ አልወርድ አለኝ። አክስቴም መቆጣቷን ትታ ታባብለኝ ጀመር፤ ያ ደግሞ ከቁጣዋ ይልቅ አስፈራኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከአያ ሞላ መልእክት መጣ፦ «ልጅቱ ቀለሟን ይዛ ትምጣ። ሰው ባለበት ትሣለኝ።»

ከአክስቴ ጋር በጭነት መኪና፣ በባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወደ ገሳይ ወጣን። ገብሱ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ የጉና ጫፍ ደመና ለብሷል፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ቆርቆሮውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ውስጡ ያሉት ቀለሞች ሲንኳኩ እሰማለሁ። ለአክስቴ ያልነገርኋት ነገር ነበር። ፊት ለፊት የሰው መልክ መሣል አልተማርሁም። ሥልጠናው እዚያ ሳይደርስ ነው ያለቀው።

ስንደርስ የአገሩ ሽማግሌዎች በግቢው ተቀምጠዋል። የቢራራ እናት እትዬ አበዙ የድንች ቅቅልና እርጎ አቀረቡልን፤ እኔ አንዱን ድንች በእጄ እያገላበጥሁ ቀረሁ። ቢራራ በረቱ አጠገብ ቀንበር የሚጠግን መስሎ ቆሟል። ቀንበሩ ደህና ነበር።

አያ ሞላ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቀጥ ብለው አዩኝ።

«ልብ ብለሽ እዪኝ፣ የሻረግ።»

«እሺ፣ አባባ።»

ሰማያዊው ቀለም በመንገድ ተሰባብሯል፤ ስባሪውን ይዤ ጀመርሁ። የማላውቀውን ከየት ላምጣ? ያኔ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ትዝ አለኝ፤ አሁን ገና! መላእክቱን እንዴት አድርገው እንደሣሏቸው አሰብሁ። ክብ ግንባር፣ ቀጭን አፍንጫ፣ ከዚያ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ እኩል የተከፈቱ፣ እኩል የጠቆሩ። በሁለቱም መሐል አንድ አንድ ነጭ ነጥብ አደረግሁ፤ ብርሃን ገባባቸው። ከጀርባው መታ መታ አድርጌ ብናኙን አራግፌ ሰጠኋቸው።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት።

«ሁለቱም አሉ» አሉ አያ ሞላ።

«አሉ፣ አባባ።»

«እኩል ናቸው?»

«እኩል ናቸው።»

ወረቀቱን ለሽማግሌዎቹ አቀበሉ። ከእጅ እጅ ዞረ። አንደኛው፣ ጥርሳቸው የወለቀ ሽማግሌ፣ አገላብጠው አይተው «ሞላ፣ ዓይንህ የላሜ ቦራን ዓይን አከለ እኮ! ይሄን ሁሉ ዓይን ከየት አመጣኸው?» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አያ ሞላም ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ሰርጉ በነበረበት ነው። በሉ ልጅቱ ትብላ፣ ፊቷ አመድ መስሏል» አሉ።

በላሁ። ያን ያህል ድንች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በልቼ አላውቅም። ቢራራ ከበረቱ ዘንድ ሆኖ ያየኛል፤ ይየኝ፣ እኔ እበላለሁ። አክስቴ በክርኗ ጎሰም እያደረገች «ኧረ ለነውሩ!» ትላለች። ከውስጤ ድንጋይ ወርዶልኛል፤ ባዶው ቦታ መሙላት ነበረበት።

ያ ሥዕል ገሳይ እልፍኝ ውስጥ ተሰቅሎ ኖረ። ፓስቴል ወረቀት ላይ አጥብቆ አይዝምና ጭሱና ነፋሱ ጥቂት ጥቂት እያሉ ወሰዱት፤ በመጨረሻ ቡናማ ወረቀት ብቻ ቀረ። እኔም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልሣልሁም፤ ልጅ፣ አዝመራ፣ ከብት። ዛሬ ህሊና ቀለሙን በጣቷ እያሸች ስታዋህደው ሳይ ግን ጣቴን ይበላኛል። እሷ ድመቷን በጎን ነው የሣለችው። ምንም አላልኋት፤ ድመቷም አልተቀየመች።

ለዓመታት ሁላችንም፣ እኔም ቢራራም ሽማግሌዎቹም፣ አያ ሞላን ያስቀየማቸው የሔሮድስ ነገር ነው ስንል ኖርን። እሳቸው ካረፉ፣ ተዝካራቸውም ከወጣ በኋላ፣ እትዬ አበዙ ቆብ ጭነው ሳሉ አንድ ቀን ጥጥ እየፈተሉ ነገሩኝ። የአያ ሞላ አንድ ዓይን አታይም ነበር። ልጅ ሳሉ በቡሄ ጅራፍ መቷቸው፣ ላይዋ ደህና ሆና ብርሃኗ ጠፍቶ ቀረ። ሰው ሲያናግሩ አንገታቸውን ጠምዘዝ የሚያደርጉት እኛ ኩራት ስንለው የኖርነው ለዚያ ነው። ወሰን የሚለይ ሰው አንድ ዓይና ነው ከተባለ ማን ይሰማዋል ብለው ከሚስታቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም። ከአዳራሹ የተመለሱ ዕለት እህል አልቀመሱም፤ «አበዙ፣ ልጅቱ አውቃብኛለች» አሉ። እኛን በጆንያችን ላይ ወደ ደብረ ታቦር የሸኙን ዕለት ደግሞ ወደ እልፍኝ ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ «አላወቀችም! አበዙ፣ አላወቀችም!» እያሉ የሚስታቸውን እጅ ይዘው እንደ ሕፃን ዘለሉ አሉኝ።