የአባባ ቢጫ ኩባያ

እህቴን ሰፈሩ «ዶክተሯ» ይላታል፤ አንድም ሰው ግን አክማ አታውቅም። ሥራዋ ሰው የሚበላው ቅጠልና ሥር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ማጥናት ነው። እኔ መኪና ጠጋኙ «የዶክተሯ ወንድም» ነኝ። በስሜ የሚጠራኝ መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ብቻ ነው።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በመርፌው ነው ያስተማራት። ሬዲዮ ላይ የቀረበች ቀን ለሰርግ ብቻ የሚያወጣውን ሱፍ ለብሶ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ አዳመጣት።

«እርድ ብቻውን ሲጠጣ ጉበት ቶሎ ሰባብሮ ያስወጣዋል» አለች። «ቁንዶ በርበሬ ጣል ሲደረግበት ግን ጉበት ይዘናጋል፤ እርዱም ደም ውስጥ ይሰነብታል።»

«ሰማችሁ? የኔ ልጅ ናት!» አለ አባባ። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ቢጫውን ኩባያ ይጨልጥ ጀመር።

አባባ ለልቡ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይወስዳል። ያ የተዘናጋ ጉበት ኪኒኑንም በጊዜው ላይሰባብረው እንደሚችል ከእህቴ በላይ ማን ያውቃል? እሁድ እሁድ ስትመጣ ኩባያውና የኪኒኑ ብልቃጥ የስፌት መኪናው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታያለች። «ጎበዝ አባባ» ብላ ስማው ትሄዳለች። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው፤ ለአገር የተረፈው እውቀቷ ለገዛ አባቷ አልደረሰም።

አንድ ጠዋት አባባን ነሰረው፤ ደሙ አልቆም አለ። ይዘነው ሆስፒታል ሮጥን።

«አባት፣ ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አለች ሐኪሟ።

«ምንም» አለ፣ አፍንጫው በጥጥ እንደተወተፈ።

«ቅመም? ሥራ ሥር?»

«ውሃ ብቻ፣ ልጄ።»

ዕድሜውን ሙሉ ውሸት የማያውቅ ሰው! እህቴን አየኋት። ላብ አጥምቋት ወለሉን ታያለች። ይባስ ብሎ ሐኪሟ ቀና ብላ «ድምፅሽን የማውቀው መሰለኝ፤ ሬዲዮ ላይ ቀርበሽ ነበር?» አለቻት። እህቴ በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እኔም ስለ እሷ አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ሦስታችንንም በዋጠችን አልኩ።

«ምክንያቱን ካላወቅን እንደገና ይደማሉ» አለች ሐኪሟ። «ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ ደግሞ አንደርስላቸውም።»

«እርድ በቁንዶ በርበሬ ይጠጣል» አለች እህቴ። «ጠዋትና ማታ። ጠጡ ያልኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት የምትወስዱ ተጠንቀቁ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። አባቴ ኪኒን እንደሚወስድ እያወቅኩ።»

«ዝም በይ አንቺ!» አባባ ከአልጋው ተነሳ። «ሰው ይሰማሻል!»

ኩባያው ቀረ፤ አባባም ዳነ። እህቴ ግን ለሳምንታት ቀና ብላ አላየችውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሬዲዮ ጣቢያውን ለምና እንደገና ገባች፤ ያስቀረችውን ሁሉ፣ የአባቷንም ነገር ሳትሸሽግ ተናገረች። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ቤት መጣች። የአባባ በር ተዘግቶ ነበር። አንኳኳች፤ ከፈተላት።

«ሰማኸኝ፣ አባባ?» አለችው አንገቷን ደፍታ።

«ምኑን? ሬዲዮው ተበላሽቶብኝ ነው የዋለው» አላት።

ሱፉን ግን አላወለቀም ነበር።