እግዜር ሲተካ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላፍቶ ስንገባ ሰፈራችን ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ብቻ ነበር። ከቦኖው እስከ ቤታችን ዳገት ነው፤ ቀጂዋም እኔ። እናቴ ደግሞ ውሃ የለመናትን ሁሉ ባዶ እጁን አትመልስም። ጎረቤት ክርስትና ደገሰ ሲባል ትሰጣለች፤ ከጎናችን ቤት የሚሠሩት ግንበኞች ጠማን ሲሉ ትሰጣለች። "ለእኛስ?" ስላት መልሷ አንድ ነው፦ "እግዜር ይተካዋል።"

አንድ ቅዳሜ፣ ጠዋቱን ሙሉ ተሰልፌ ያመጣሁትን ጀሪካን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ነጠላዬን ላወልቅ ገባሁ። ስመለስ እናቴ ውሃዬን ሳፋ ላይ ገልብጣ፣ ከገበያ ወደ ፉሪ የሚመለሱ የአንድ ሽማግሌ ገበሬን አህዮች ታጠጣለች! ሽማግሌው ምርቃቱን ያወርዱታል፤ እሷ "አሜን፣ አሜን" ትላለች። አህዮቹ ሳፋውን ልሰው ሄዱ።

ደሜ ፈላ። "ለአህያ! እማዬ፣ ለአህያ?"

"እነሱም የሱ ፍጥረት ናቸው። እግዜር ይተካዋል።"

"እግዜር መቼ ተክቶ ያውቃል? የምተካው እኔ ነኝ፣ በዚህ በጀርባዬ! አንድ ቀን እንኳ መልአክ ቦኖ ተሰልፎ አላየሁም!"

እናቴ ሳፋውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ "ታዲያ አንቺን ማን ሰጠኝ?" አለች።

ባዶውን ጀሪካን አንስቼ፣ የቆርቆሮውን በር አላትሜ ወደ ቦኖው ወረድኩ።