ያበጠ እግሬን ይዤ ድንኳን ገባሁ

መጀመሪያ ያሳከከኝ የቀኝ እግሬ ጣቶች መሐል ነው። ቀጥሎ ማቃጠል መጣ። ማታ ያበጠው ጠዋት ስለሚጎድል ብዙም አልፈራሁትም። ያደግሁት ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀይ አፈር ላይ ነው። ድንች የምናወጣው በባዶ እግር ስለነበር እግሩን ያላመመው ሰው አላውቅም።

አግብቼ አምቦ ከተማ ከገባሁ፣ ልጆች ከወለድኩና ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት መሸጥ ከጀመርኩ በኋላ እብጠቱ ጠዋትም አልጎድል አለ። ግራው እግሬም ተከተለ። ቆዳው ጠነከረ፣ በጣቶቼ መሐል እየተሰነጠቀ መሽተት ጀመረ። ጫማዬ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ብርድ አንቀጠቀጠኝ። ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። እግሬ ቀላ። አንሶላ ሲነካኝ ጮህኩ። ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ሽንቴን የሚደፋልኝ ባለቤቴ ቶሎሳ ነበር።

ትኩሳቱ ሲለቀኝ ሌላው ሕመም ጀመረ። በእኛ አገር ይህን እብጠት ዝሆኔ ይሉታል፤ እርግማን ነው፣ ይጋባል ይላሉ። አማቴ እኔው ፊት ቶሎሳን “ዘርህ ሳይበላሽ ፍታት” አለችው።

“የታመመ በሬ እንኳ እስኪድን ይጠበቃል እኮ፣ እማዬ” አላት። በበሬ መመሰሌን ባልወደውም፣ ያን ቀን ከዚያ የተሻለ ቃል የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ገመዳም ቤታችን ድረስ መጡ። “ጫልቱ፣ ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ማስተናገዱ ይቅርብሽ። ቤትሽ ዕረፊ። ለራስሽ ብለን ነው” አሉኝ። ለእኔ ብለው እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አሥር ልጅ ወልዳ የቀበረች፣ ዕድለ ቢስ የምትባል ጎረቤት እንኳ የማትከለከለውን፣ ሰው የማጽናናትን ነገር ከለከሉኝ።

ቶሎሳ በባጃጅ ጭኖ እግር ወደሚታከምበት ክሊኒክ ወሰደኝ። ሲስተሯ እግሬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እያገላበጠች አየችው። አፍንጫዋን አልያዘችም።

“ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል” አለችኝ። “ከቀይ አፈር የሚገባ ደቃቅ ነገር ነው በእግርሽ ፈሳሽ የሚያመላልሰውን የሊምፍ መስመርሽን የጎዳው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።”

“ልጆቼስ?”

“በዘር ምክንያት ቶሎ የሚጎዳ ቤተሰብ አለ። ግን ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ልጅ ከዚህ ይተርፋል።”

“እድናለሁ?”

“እንደ ድሮው አይሆንልሽም። ሠርተሽ፣ ሄደሽ፣ ከሰው ጋር ትኖሪያለሽ ግን።”

“ሰዎቹ ይጋባል ይላሉ።”

“እነሱንም አምጫቸው፤ የእነሱም በሽታ ሕክምና አለው” ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እግሬን ጥቂት በረኪና ጠብ ባደረግሁበት ውሃና በሳሙና አጥባለሁ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየለየሁ አደርቃለሁ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ በፋሻ ጠቅልዬ ካልሲ አጠልቃለሁ፣ ስቀመጥም እግሬን ከፍ አድርጌ ድንቼን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ሽታው ጠፋ፣ ቀስ በቀስ ቆዳው ለሰለሰ፣ እብጠቱም ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ጫማ ሰፊ በልኬ ሰፋ አድርጎ የሠራልኝን ቆዳ ጫማ ተጫምቼ ገበያ ወጣሁ።

ጎረቤታችን አዴ ዲንቄ ባሏ የሞተባት ያን ሰሞን ነው። ማንም አልጠራኝም። ጫማዬን አሰርኩና ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያውን አነሳሁ። የመጀመሪያዋ ሴት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

“የማስታጥብሽ በእጄ ነው፤ በእግሬ አይደለም” አልኳት።

ኦቦ ገመዳ ከወዲያ “ጫልቱ፣ ተነጋግረን አልነበር?” አሉ።

“እርስዎ ተናገሩ እንጂ እኔ መቼ ተናገርኩ?” አልኳቸው። ማንቆርቆሪያውንም አላስቀመጥኩም።

አዴ ዲንቄ ቀና አለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። “ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ። አምጪው፣ ለእኔ አፍስሺልኝ” ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ስጨርስ “ገለቶሚ፣ ተባረኪ” ብላ መረቀችኝ። ከእሷ በኋላ ብዙዎቹ ታጠቡ። ኦቦ ገመዳም አጎንብሰው ታጠቡ። ያቺ የመጀመሪያዋ ሴት ሳትታጠብ በላች። በዚያ ድንኳን ለጤናዋ ያልተጠነቀቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ጤና ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እግሬን አላሳያችሁም። ያበጠ እግር ይዤ ሠርቼ አድራለሁ፣ ያዘነ አጽናናለሁ። ቀጥ ያለ እግር ይዞ ሰው የሚያገልል መንደር ግን ታሟል፤ ሕመሙንም ስለማያውቅ አይታከምም።

ሲስተሯን፣ ቶሎሳንና አዴ ዲንቄን እግዜር ይስጥልኝ። እግራችሁን ማሳከክና ማቃጠል የጀመራችሁ፣ እንደኔ እስኪሰነጠቅ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ታዩ። ለልጆቻችሁ ጫማ አድርጉላቸው። እግራችሁን ቀሚስ ስር አትደብቁት። ጎረቤት ሲሞት ደግሞ ሂዱ። ባይጠሯችሁም ሂዱ።