የእማማ ግቢ የወርቅ ማጠቢያ ቦይ

ሱቄ ልደታ፣ አብነት ነው፤ ያገለገለ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት እሸጣለሁ። ዕቃ የማስቀምጠው ከሱቁ ጀርባ፣ እማማ ከምላቸው ባልቴት ግቢ ተከራይቼ ነው። ድሮ የወርቅ ድንጋይ ከሩቅ አገር በመኪና እየመጣ እዚያ ይፈጭ ነበር አሉ። ከዚያ ሁሉ የቀረው አንድ ግዙፍ መፍጫ ድንጋይ፣ አናቱ የተናደ የሸክላ ምድጃና በሲሚንቶ የተሠራ ረጅም ቦይ ነው። የተፈጨው ድንጋይ በውኃ የሚታጠበው በዚህ ቦይ ነበር፤ ወለሉ ላይ የተደረደሩት ጉብታዎች ወርቁን እንዲያስቀሩ የተሠሩ ናቸው። እኔ ስገባ መፍጫው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል፣ ምድጃው ውስጥ ዶሮ ታድራለች፣ ቦዩ ደግሞ እስከ አፉ ደለል ሞልቶታል።

የእማማ ጭንቀት ይኸው ቦይ ነበር። ግቢው ቁልቁለት ስለሆነ የዝናብ ውኃ ሌላ መውጫ የለውም። ባለፈው ክረምት ተከራይ አልነበራቸውም፤ ጎርፉ ቀጥ ብሎ መኝታ ቤታቸው ገብቶ ፍራሻቸውን አበሰበሰው። ግንቦት ሲጋመስ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይቺን ቦይ ክረምቱ ሳይገባ ብትጠርግልኝ?»

«እማማ፣ ወገቤን ያመኛል።»

ጠዋት አንድ መኪና ቆርቆሮ ሳወርድ አይተውኛል። «ይማርህ» ብቻ ብለው ወደ በርበሬያቸው ዞሩ። ጥቂት ቆይተው፣ ለበርበሬው የሚያወሩ ይመስል፣ «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እዚህ ሲሠራ፣ አለቆቹ የመጨረሻውን ዝቃጭ ሳያነሱ ነው ጥለው የሄዱት ይል ነበር» አሉ።

ወገቤ ወዲያው ተሻለኝ።

ተክለ ሃይማኖት ያሉ ወርቅ ሠሪዎች የሱቃቸውን ጥራጊ እንኳ እንደማይጥሉ አውቃለሁ፤ በጣሳ አጠራቅመው፣ አጥበው፣ ብናኙን ያወጡታል። የአንዲት ጠባብ ሱቅ ጥራጊ እንዲህ ከተከበረ የዚህ ሁሉ ድንጋይ ዝቃጭ ምን ሊባል ነው! በማግስቱ አካፋ ይዤ ገባሁ።

«ለእርስዎ ስል ነው እማማ። አፈሩንም እኔው አስወግደዋለሁ።»

መረቁኝ። ምርቃቱን ሳላፍር ተቀበልኩ።

ሦስት ቀን ቆፈርኩ። የጉብታዎቹን ሥር በማንኪያ ፋቅኩ። እዚያ ያገኘሁትን የሚያብለጨልጭ አሸዋ በከረጢት ሞልቼ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳያይብኝ ከላይ ሽንኩርት ደርቤበት፣ ተክለ ሃይማኖት ወደማውቀው ወርቅ ሠሪ ወሰድኩት።

ሰውየው ከረጢቱን አየ፤ እኔን አየ። ገበቴ አምጥቶ አሸዋውን በውኃ ያሽከረክረው ጀመር። በመጨረሻ ገበቴው ሥር አንድ የሸሚዝ ቁልፍና ጥቂት የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ቀረ።

«ይሄ የሚያበራውስ?»

«ድንጋይ ነው። ከእማማ ግቢ ነው አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ካቻምና እዚያ ተከራይቶ የነበረው አናጢ አምጥቶልኛል። ከሱ በፊት ጎማ ሻጩ። አንተ ትሻላለህ፤ ቢያንስ ሽንኩርት ይዘህ መጣህ።»

ሽንኩርቱን ለድካሙ አስቀረው።

ወደ ግቢው ስመለስ ዝናቡ መውረድ ጀመረ። ለእማማ የምናገረውን መንገድ ላይ አሰናድቼ ነበር፤ በሩን ስገፋ ግን ውኃው በቦዩ ውስጥ ጉብታ በጉብታ እየዘለለ፣ ከቤታቸው ርቆ ወደ ውጭ ሲወርድ አየሁ። እሳቸው ደረቅ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ቲያትር ያዩታል።

«እማማ፣ ወርቅ የለውም እኮ!»

«እኔ መቼ አለው አልኩህ? እሱ ይል ነበር ነው ያልኩት። እሱ ደግሞ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲዋሽ ዓይኑን አያሽም ነበር።»

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ሳቁ ቀደመኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እኔም ውኃውን አየሁ። እውነቱን ለመናገር አጠራረጌ ግሩም ነበር፤ ደመወዝተኛ እንዲያ በማንኪያ አይፍቅም።

ዝናቡ ሲያባራ እማማ ምድጃውን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ወርቁ የሚቀልጠው እዚያ ነበር። አመዱን ማንም አልነካውም።»

«እማማ!»

«ዶሮዋ ጠበባት ብዬ ነው ልጄ።»

አካፋው አጠገቤ ነበር። ለዶሮዋ ስል አነሣሁት።